አጥቂ ወይስ ተከላካይ? የሮቦቶች ጨዋታ ሒሳብ

በዛሬው የሳይንስ ዓምዳችን ስለ ሮቦቶች የቡድን ውድድር እናወራለን። «እኛ ነቀምቴ ቁጭ ብለን ሮቦት የት እናውቃለን?» እንዳትሉ። ሮቦት ባይኖረንም ጨዋታውን በግቢያችን ሞክረነዋል። መጀመሪያ ግን ነገሩ ምን እንደሆነ እንይ።

ሮቦቶች እንዴት ይወዳደራሉ?

ውድድሩ ብዙ ዓይነት ነው። ሁለቱን ብቻ እንንገራችሁ።

አንደኛው ሮቦካፕ ይባላል። የመጀመሪያው በ1989 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 1997) በጃፓን አገር በናጎያ ከተማ ተካሄደ። ሮቦቶቹ ኳስ ይጫወታሉ። በጨዋታው ሰዓት በሪሞት የሚነዳቸው ሰው የለም፤ ተማሪዎቹ ቀድመው በጻፉላቸው ፕሮግራም ራሳቸው ይወስናሉ። የአዘጋጆቹ ሕልም እ.ኤ.አ. በ2050 የሮቦት ቡድን የሰዎችን የዓለም ዋንጫ አሸናፊ እንዲያሸንፍ ነው። ይገርማል አይደል?

እኛ ትንንሽ ሆነን ኳስ ስንጫወት ሁላችንም ኳሷን ተከትለን እንደ ንብ አልነበር የምንሮጠው? ሮቦቶችም ካልተነገራቸው እንደዚያ ያደርጋሉ፤ ይጋጩና ይወድቃሉ። ስለዚህ እርስ በርሳቸው መልእክት ይላላካሉ። ለኳሷ የቀረበው ሄዶ ያጠቃል፣ ሌላው ደግሞ ኋላ ቀርቶ ይከላከላል። በረኛው ከጎሉ አይርቅም።

ሁለተኛው ፈርስት ግሎባል ነው። ይሄኛው በሐምሌ 2009 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 2017) በአሜሪካ ዋሽንግተን ዲሲ ተጀመረ። ከየአገሩ ወጣት ተማሪዎች ሮቦት ሠርተው ይመጣሉ። የኢትዮጵያ ተማሪዎችም ተሳትፈዋል። ሦስት አገሮች በአንድ ወገን፣ ሦስት አገሮች በሌላ ወገን ሆነው ለ2 ደቂቃ ከ30 ሰከንድ ይጫወታሉ። በመጀመሪያው ዓመት ርዕሱ ውኃ ነበር። ሰማያዊው ኳስ ንጹሕ ውኃ፣ ብርቱካናማው ደግሞ ቆሻሻ ማለት ነው። እኛ አገር ቀዩን ቡና ከአረንጓዴው እንደሚለዩት ሮቦቶቹም ኳሶቹን ይለያሉ።

ማጥቃትና መከላከል ምንድን ነው?

በእንዲህ ዓይነት ጨዋታ ማጥቃት ማለት ነጥብ ማስገባት ነው። መከላከል ማለት ደግሞ ተጋጣሚ ነጥብ እንዳያስገባ መንገዱን መዝጋት ነው። ችግሩ ሰዓቱ አጭር ነው። መንገድ ስትዘጋ የቆምክበት ሰከንድ ነጥብ የማታስገባበት ሰከንድ ነው። ታዲያ የቱ ይሻላል? መልሱን ያገኘነው በሜዳ ላይ ነው።

የእኛ ሙከራ

ባለፈው ሳምንት በእረፍት ሰዓት 6 ልጆች «ሮቦት» ሆንን፤ 3 በ3። መሬት ላይ በጠመኔ ሁለት ክብ ሠራን። መሐል ላይ 40 የለስላሳ ቆርኪ በተንን። አንድ ሰው በአንድ ጊዜ አንድ ቆርኪ ብቻ ወደ ክቡ ይወስዳል። መያዝና መግፋት ፋውል ነው፤ ፊት ለፊት መቆም ይቻላል። ሰዓቱ 2 ደቂቃ ተኩል።

በመጀመሪያው ዙር ሁላችንም አጠቃን። የእኛ ልጆች 6፣ 5 እና 3 አስገቡ፤ ድምሩ 14። የእነሱ 9፣ 4 እና 3 አስገቡ፤ ድምሩ 16። በ2 ተሸነፍን።

በሁለተኛው ዙር ከቡድናችን ትንሿ ልጅ፣ ያቺ 3 ያስገባችው፣ «እኔ ያንን ሯጭ ልጠብቀው» አለች። ከፊቱ አልጠፋ አለች። ወደ ግራ ሲል ግራ፣ ወደ ቀኝ ሲል ቀኝ! አንድም ቆርኪ አላስገባችም። እኛ 6 እና 5 አስገብተን 11 ሆንን። ሯጩ ግን ከ9 ወደ 3 ወረደ፤ እነሱ 10 ሆኑ። አሸነፍን!

ከዚያ ምን ሆነ መሰላችሁ? ጠገብን። በሦስተኛው ዙር 5 የሚያስገባው ልጃችንም ይከላከል ተባለ። እሱ የጠበቀው ልጅ ከ4 ወደ 2 ብቻ ወረደ። እኛ 6፣ እነሱ 8። ተሸነፍን።

ሒሳቡ

ክፍል ገብተን ጥቁር ሰሌዳው ላይ አሰላነው። ትንሿ ልጅ ስትከላከል የቀረብን 3 ነው፤ ያስቀረችባቸው 6 ነው። 6 ሲቀነስ 3፣ ትርፍ 3። ልጁ ሲከላከል ደግሞ የቀረብን 5፣ ያስቀረባቸው 2 ነው። ኪሳራ 3።

ስለዚህ ሕጉ ቀላል ነው፦ የምታስቀረው ነጥብ ከምታጣው ከበለጠ ተከላከል፤ ካነሰ አጥቃ። ብዙ ጊዜ ትንሽ የሚያስገባው የእነሱን ትልቅ አስገቢ ቢጠብቅ ያዋጣል።

ሌላም መታወቅ ያለበት ነገር አለ። በብዙ የሮቦት ውድድሮች ተጋጣሚን ጥግ አስይዞ ለረጅም ጊዜ ማቆየት ያስቀጣል። ቅጣቱ ነጥብ ስለሆነ ያስቀረነውን መልሶ ሊበላው ይችላል። ደግሞ በፈርስት ግሎባል ጓደኛ ይቀያየራል። ጠዋት መንገዱን የዘጋህበት አገር ከሰዓት በኋላ ከአንተ ጋር ሊመደብ ይችላል። ሮቦቱን ከሰበርክበት ማን ይረዳሃል? ስለዚህ መከላከል ማለት ማበላሸት አይደለም።

አንድ እርማት

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። ከጨዋታው በኋላ በክበባችን ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ «የሁለተኛው ዙር ጀግና» ብዬ 6 ያስገባውን ልጅ ስም ጻፍኩ። ሁሉም አጨበጨበለት። ትንሿ ልጅ አንብባው ዝም አለች። በኋላ ላይ «ለምን አኮረፍሽ?» ስላት «እኔማ ዜሮ ነኝ» አለችኝ። ያን ቀን ገና ሒሳቡን አልሠራነውም ነበር።

ስንሠራው ግን ያሸነፍነው በእሷ ነው። 6 ያስገባው ልጅማ በሦስቱም ዙር 6 ነው ያስገባው፤ ሁለቱን ተሸንፈናል! እሱም ራሱ አምኗል። ጥፋቱ የእኔ ነው፤ የቆጠርኩት ክቡ ውስጥ የገባውን ቆርኪ ብቻ ነበር። ከዚህ ሳምንት ጀምሮ ሰሌዳችን ሁለት ዓምድ አለው፦ «ያስገባ» እና «ያስቀረ»። በሁለተኛው ዓምድ የመጀመሪያው ስም የእሷ ነው።

ኳስ ስታዩም እስቲ ተከላካዩን ተመልከቱት። ጎል ያገባውን ሁሉም ያቅፈዋል። ያልገባውን ጎል ግን ማን ይቆጥረዋል?

የሳምንቱ ጥያቄ

የእኛ ሮቦት በአንድ ጨዋታ 20 ነጥብ ያስገባል። ሁለተኛው ሮቦታችን 4 ያስገባል። የተጋጣሚ ምርጥ ሮቦት 25 ያስገባል፤ ከጠበቅነው ወደ 15 ይወርዳል። ማንን እናቁም? ለምን? መልሳችሁን ከነስሌቱ በወረቀት ጽፋችሁ በሚኒ ሚዲያ ሣጥን ውስጥ ክተቱ። ትክክለኛ መልስ የሰጡትን በሰልፍ ሰዓት በድምፅ ማጉያ እናነባለን።

በሌላ ርዕስ እስክንገናኝ ደህና ሁኑ! ነጋቲ!