ደንቆሮ ጫካ፦ ወሰኑ ሰፋ፣ ጎረቤቱስ?

ከመካነ ሰላም ብዙ ሳይርቁ፣ በቦረናና በሳይንት መካከል፣ ዳገት ቁልቁለቱ ዛፍ የለበሰ ሸለቆ አለ። ዙሪያውን ያለው ደጋ እስከ ገደል አፋፍ ሲታረስ ደንቆሮ ጫካ የተረፈው በከንቱ አይደለም። ጥበቃው ከዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ዘመን እንደጀመረ ይነገራል። ለበሬ የማይመቸው ቁልቁለቱም የበኩሉን አግዟል።

የሸለቆው ሀብት በከፍታ የተደረደረ ነው። ከታች ወይራና ጽድ፣ ከፍ ሲል አስታ፣ ወደ 3,700 ሜትር በሚጠጋው አናት ላይ ደግሞ ጓሳና ጅብራ። በደኑ ውስጥ የምኒልክ ድኩላና ነብር ይኖራሉ፤ በአፋፉ ጭላዳ ይግጣል። ቀይ ቀበሮ ግን የሚኖረው ዛፉ ውስጥ ሳይሆን በላይኛው ሜዳ፣ አይጥ እያደነ ነው። በዓለም ላይ የቀሩት አዋቂ ቀይ ቀበሮዎች ከ500 አይበልጡም፤ ሁሉም ኢትዮጵያ ውስጥ ናቸው።

ቦታው በ2001 ዓ.ም. የቦረና ሳይንት ብሔራዊ ፓርክ ተብሎ ሲከለል ስፋቱ ከ4,000 ሄክታር ብዙም አይበልጥም ነበር። በኋላ የወረሂመኖ ደጋ ተጨምሮ ከ15,000 ሄክታር በላይ ሆነ፤ ስሙም አብሮ ረዘመ። ማስፋቱ ተገቢ ነበር፤ ሸለቆውን ብቻ ጠብቆ ቀበሮውን ማዳን አይቻልምና።

ችግሩ ወሰኑ በሰፋ ቁጥር የአንድ ገበሬ የግጦሽ ቦታ፣ የማገዶና የሣር ክዳን ምንጭ አብሮ መታጠሩ ነው። ክረምት ከብቱን የሚያውልበት ያጣ ሰው ከፓርኩ ጥበቃ ሠራተኛ ጋር ቢጋጭ ክፋቱ አይደለም፤ አማራጭ ስላልተሰጠው ነው።

የመንዝ ጓሳ ሰዎች ይህን ጣጣ ከእኛ ቀድመው ያውቁታል። በቄሮ ሥርዓታቸው ሜዳውን ለዓመታት ይዘጉና ሣሩ ሲደርስ በጋራ ከፍተው ያጭዱ ነበር። የ1967ቱ የመሬት አዋጅ ሥርዓቱን ቢያፈርሰውም ማኅበረሰቡ ጥበቃውን መልሶ በእጁ አስገብቷል። የሚጠብቀውም የሚያጭደውም ያው ሰው በመሆኑ ጓሳው አለ።

በቦረናና በሳይንትም ከሌላ ካርታ በፊት መቅደም ያለበት ይኸው ነው፦ ጓሳው መቼ እንደሚታጨድ፣ ማን እንደሚያጭድ፣ ደረቅ እንጨት ከየትኛው ጥግ እንደሚለቀም ከየቀበሌው ሽማግሌዎች ጋር ተስማምቶ መጻፍ። የገበሬዎቹን ውሾች ክትባትም አብሮ መያዝ ያስፈልጋል። ከብት ተከትሎ ሜዳ የሚወጣ አንድ ያልተከተበ ውሻ የእብድ ውሻ በሽታ ይዞ ቢገባ፣ እንዲህ ጥቂት የሆነ የቀበሮ መንጋ በአንድ ወቅት ሊያልቅ ይችላል።