የማዕረግ ስም የጠባይ ስም ስለ መሆኑ

በእንግሊዝኛ ቋንቋ ክፉ አድራጊ ሰው፥ ይልቁንም በቴአትርና በልብ ወለድ ታሪክ ውስጥ ተንኰል የሚሸርበው ሰው፥ «ቪለን» ተብሎ ይጠራል። ቃሉ ግን በተወለደ ጊዜ ክፋት አልነበረበትም። መነሻው «ቪላ» የሚለው የላቲን ቃል ሲሆን፥ ትርጓሜውም በገጠር ያለ የጌታ ቤትና እርሻ ማለት ነው። በዚያ እርሻ ላይ የሚኖረው ገበሬ በላቲን «ቪላኑስ» ተባለ፤ በጥንቱ ፈረንሳይኛም «ቪለይን» ተባለ። ኖርማኖች በ1066 ዓመተ ምሕረት (በዚህ ጽሑፍ የተመለከቱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው) እንግሊዝን ድል አድርገው ሲይዙ ቃሉም ተከትሏቸው ባሕሩን ተሻገረ። ንጉሥ ዊልያም በ1086 የአገሩን መሬት አስቈጥሮ ባስጻፈው፥ የዱምስዴይ መጽሐፍ በተባለው መዝገብ ውስጥ፥ ከገበሬው ወገን ሁሉ ይልቅ በቍጥር በዝተው የተገኙት እነዚሁ ቪላኑስ የተባሉት ናቸው። እነርሱም ማሳ የነበራቸው፥ በሬ የሚጠምዱ፥ ከሳምንቱም ቀኖች ከፍሎ በጌታቸው መሬት ላይ ያለ ዋጋ መሥራት ግዴታቸው የሆነ ሰዎች ነበሩ። በኋላም ሕጉ እየጠበቀ ሲሄድ ያለ ጌታቸው ፈቃድ መሬቱን ለቀው መሄድ የማይችሉ፥ ሴት ልጃቸውን ለመዳር እንኳ ለጌታው ገንዘብ የሚከፍሉ ሆኑ።

ታዲያ ይህ አራሽ የወንበዴ ስም እንዴት ሊሆን ቻለ ቢባል፥ መልሱ የሚገኘው ብዕሩን የያዘው ማን እንደ ነበረ በመጠየቅ ነው። አራሹ አይጽፍም፤ የሚጽፈው የጌታው ጸሓፊ ነው። ለጌታውና ለጸሓፊው ደግሞ ገበሬው እጁ የሻከረ፥ አነጋገሩ ያልተቃና፥ የግዴታ ሥራውንም እያጉረመረመ የሚሠራ ሰው ነበር። ስለዚህ የገበሬ ጠባይ ማለት መጥፎ ጠባይ ማለት ሆነ፤ ቈይቶም ገበሬነቱ ተረስቶ መጥፎነቱ ብቻ ቀረ። በ1381 የእንግሊዝ ገበሬዎች ተነሥተው ወደ ለንደን በዘመቱ ጊዜ ንጉሡን ከጠየቁት ነገር አንደኛው ይህ ጭሰኝነት እንዲሻር ነበር፤ በየደረሱበትም የጌቶችን የርስት መዝገብ እያወጡ አቃጠሉ። ስማቸው የት ተጽፎ እንደሚኖር ሳያውቁ አልቀሩም። በመካከላቸው ሆኖ ሰው ሁሉ በተፈጥሮ እኩል መሆኑን የሰበከው ጆን ቦል የተባለው ቄስ በዚያው ዓመት በሞት ተቀጣ፤ አመፁም ተሰበረ። ጭሰኝነቱ ግን ከዚያ በኋላ በነበሩት ሁለት መቶ ያህል ዓመታት ውስጥ እየሳሳ ሄዶ ጠፋ። ስሙ ብቻ ከባለቤቱ ጋራ ሳይቀበር ቀረ።

ከኖርማኖችም በፊት ቢሆን ነገሩ ሌላ መልክ አልነበረውም። በጥንታውያን ሳክሶኖች ሕግ መኰንን ያልሆነው ነጻ ሰው «ቼዮርል» ይባል ነበር። በዌሴክስ መንግሥት ይህ ሰው ቢገደል የደሙ ዋጋ 200 ሽልንግ፥ የመኰንኑ ደም ዋጋ ግን 1200 ሽልንግ ነበር። ሕጉ በደም ላይ ያደረገውን ልዩነት ቋንቋውም በጠባይ ላይ አደረገው፤ ዛሬ «ቸርል» ማለት ሥርዐት የሌለው፥ ሰው የማያከብር ማለት ሆኗል። «ኔይቭ» የሚለውም መጀመሪያ ልጅ፥ ቀጥሎ አሽከር፥ በመጨረሻ አጭበርባሪ ማለት ሆነ፤ የጀርመን ሰዎች ግን ያንኑ ቃል እስከ ዛሬ ድረስ ለወንድ ልጅ ይጠሩበታል።

የጌቶቹ ስም ደግሞ በተቃራኒው ወደ ላይ ወጣ። «ጀንትል» ማለት በመጀመሪያ የታወቀ ዘር ያለው ማለት ነበር፤ ዛሬ ግን ገራገርና ርኅሩኅ ማለት ነው። «ኖብል» የተባለው መኰንን የልብ ልዕልና ያለው ሆነ። «ጀነረስ» የሚለው ቃል ከላቲን ሲመጣ ከደኅና ወገን የተወለደ ማለት ነበር፤ ኋላ ግን ለጋስ ማለት ሆነ። የተራው ሰው ስም የነበረው «ሚን» በአንጻሩ ቈንቋና ማለት ሆኖ ቀረ። እንዲህ ከሆነ ብዙ ያለው ሰው ከብዙው ጥቂት ቢሰጥ ለጋስ ተባለ፤ ምንም የሌለው ሰው ቢቈጥብ ቈንቋና ተባለ። የእንግሊዝ ሊቃውንትም ይህን ሳያስተውሉ አልቀሩም። በ1400 የሞተው ጄፍሪ ቾሰር የካንተርበሪ ታሪኮች በሚለው መጽሐፉ አንዲት አሮጊት እየተከራከረች፥ ጨዋነት ከአባት የሚወረስ ሳይሆን በሥራ የሚገኝ መሆኑን እንድታስረዳ አድርጓል። ሲ. ኤስ. ልዊስም በ1960 ባሳተመው የቃላት ጥናት መጽሐፍ የማዕረግ ቃላት ወደ ግብረ ገብ ቃላት የሚለወጡበትን መንገድ በሰፊው መርምሮታል።

ይሁን እንጂ ብዕር የያዙት ጌቶች ብቻ አልነበሩም፤ ካህናትም ነበሩ። በጥንቱ እንግሊዝኛ ካህን ያልሆነ ሰው ሁሉ «ሌወደ» ይባል ነበር። በዚያ ዘመን ማንበብና መጻፍ የሚያውቀው በብዛት ካህኑ ስለ ነበረ ቃሉ ያልተማረ ወደሚለው ትርጓሜ አዘነበለ፤ ከዚያም ባለጌ ማለት ሆነ፤ በመጨረሻም «ሉድ» ተብሎ ዝሙት ወዳድንና አሳፋሪ ነገር ተናጋሪን የሚገልጽ ቃል ሆኖ ተቀመጠ። የዚህ ቃል መንገድ ለኢትዮጵያ አንባቢ እንግዳ ሊሆን አይገባውም። በግዕዝ «መሃይምን» ማለት ምእመን፥ የታመነ ማለት ነው፤ ሃይማኖት ከሚለውም ቃል ጋራ ሥሩ አንድ ነው። ምእመኑ ካህን ስላልሆነ ያልተማረ ተብሎ ተቈጠረና በአማርኛ መሃይም ማለት ፊደል የማያውቅ ደንቈሮ ማለት ሆነ። ሁለቱ አገሮች ሳይመካከሩ ምእመናቸውን አንድ ዐይነት ስም አወጡለት።

በእንግሊዝ አገር ግን ይህ ልዩነት በቃል ብቻ አልቀረም፤ እስከ ስቅላት ድረስ ደረሰ። ካህን ወንጀል ሠርቶ ቢገኝ በቤተ ክርስቲያን ፍርድ ቤት እንጂ በንጉሥ ችሎት እንዳይፈረድበት የሚያደርግ መብት ነበረ፤ ስሙም የካህናት መብት ይባል ነበር። ካህን ነኝ የሚለው ሰው በእውነት ካህን መሆኑ የሚታወቀው በማንበቡ ስለ ሆነ፥ ቀስ በቀስ ማንበብ የሚችል ምእመንም በዚሁ መብት ይድን ጀመር። ለፈተናም ዘወትር የሚሰጠው በግዕዙ ሃምሳኛ፥ በእንግሊዝኛው መጽሐፍ ቅዱስ ደግሞ ሃምሳ አንደኛ ሆኖ የሚቈጠረው የዳዊት መዝሙር የመጀመሪያው ቍጥር ነበር። ዳዊት የደገመ ተማሪ ሁሉ በቃሉ የሚያውቀው ይህ የንስሐ መዝሙር አንገትን ከገመድ ስለሚያድን ሕዝቡ «የአንገት ጥቅስ» ብሎ ሰየመው። ፊደል የማያውቁ ሰዎችም በቃላቸው እያጠኑ በዳኛው ፊት የሚያነቡ መስለው ይወጡት ነበር። በ1489 የወጣ ሕግ ካህን ያልሆነ ሰው በዚህ መብት ከአንድ ጊዜ በላይ እንዳይጠቀም ከልክሎ፥ ምልክት እንዲሆንም አውራ ጣቱ በጋለ ብረት እንዲተኰስ አዘዘ። የታወቀው ባለ ቅኔ ቤን ጆንሰን በ1598 አንድ የቴአትር ተጫዋች በጠብ ገድሎ ከሞት የዳነው በዚሁ መንገድ ነው፤ ጣቱ ተተኰሰና ተለቀቀ። በዚያው ዓመት በዚያው ጥፋት የተከሰሰ፥ ነገር ግን ጥቅሱን ሊያነብ ያልቻለ ቀን ሠራተኛ ቢኖር ግን ተሰቀለ ማለት ነው። የማንበቡ ፈተና በ1706 ቀረ፤ መብቱም ራሱ በ1827 ፈጽሞ ተሻረ። ዛሬ እንግሊዞች ያለ ቤተ ክርስቲያን ጋብቻ አብረው የሚኖሩትን ባልና ሚስት በቀልድ «ያለ ካህናት መብት» ይኖራሉ ይላሉ። ቀልደኛው ስለ ገመዱ አያስታውስም።

የመንግሥት ሹማምንትም በዚህ ነገር ድርሻ አላቸው። እንግሊዞች ድኻን በሁለት ከፍለው «እርዳታ የሚገባው ድኻ» እና «የማይገባው ድኻ» ማለትን ያዘወትራሉ። ይህ አነጋገር በአየር ላይ የተንሳፈፈ አይደለም፤ በየአጥቢያው ሆኖ ምጽዋቱን የሚያድለው ሹም እያንዳንዱን ለማኝ አይቶ የሚፈርድበት መለኪያ ነበር። በ1697 የወጣ ሕግ ከአጥቢያው እርዳታ የሚቀበል ሰው ሁሉ ከሚስቱና ከልጆቹ ጋራ በቀኝ ትከሻው ላይ «ፒ» የምትባለውን የድኻ ምልክት ፊደል ከአጥቢያው ስም መጀመሪያ ፊደል ጋራ በቀይ ወይም በሰማያዊ ጨርቅ ሰፍቶ እንዲሄድ አስገደደ፤ ይህም እስከ 1810 ድረስ በሕግነት ጸንቶ ነበር። ቀጥሎም በ1834 የወጣው ሕግ ጕልበት ያለው ድኻ የሥራ ቤት ወደሚባለው ግቢ ካልገባ እርዳታ እንዳያገኝ አዘዘ፤ በዚያም ባልና ሚስት ተለያይተው ያድሩ ነበር። ማጣት ጥፋት ሳይሆን እንደ ጥፋት ተቀጣ።

በአማርኛም የዚህ ዐይነት ቃል ፈልጎ የሚያጣ ሰው አይኖርም። ባላገር ማለት ባለ አገር፥ የአገሩ ባለቤት ማለት ነው፤ በከተማ ሰው አፍ ግን ያልሠለጠነ ማለት ሆኖ እንደ ስድብ ይወረወራል። ጨዋ የሚለውማ ከሁሉ ይልቅ ያስደንቃል፤ በአደባባይ ሲነገር የደኅና ሰው ልጅ፥ ጠባየ መልካም ማለት ሲሆን፥ በቤተ ክህነት ሲነገር ግን ያልተማረ ማለት ነው። እንግሊዞች በ«ጀንትል» እና በ«ሉድ» ከፍለው የያዙትን አማርኛ በአንድ ቃል ጠቅልሎታል። በየጽሕፈት ቤቱ ማመልከቻ ተቀብሎ ባለ ጉዳዩን ባላገር ነው ወይም መሃይም ነው ብሎ በዳር የሚያሰፍር ጸሓፊ ቢኖር፥ ያሰፈረው የሰውየውን ኑሮ ይሁን ጠባዩን ተጠይቆ ለማስረዳት ይቸገራል።

የእንግሊዝ የታሪክ ጸሓፊዎች ይህን ችግር በፊደል ሊያቃልሉት ሞክረዋል። ክፉውን ሰው ሲጽፉ በቃሉ መካከል የፊደላቸው መጀመሪያ የሆነችውን «ኤ» ያስገባሉ፤ የጥንቱን ጭሰኛ ሲጽፉ ግን በእርስዋ ፈንታ አምስተኛይቱን ፊደል «ኢ» ያስገባሉ። በአንዲት ፊደል ገበሬው ከወንበዴው ተለየ ማለት ነው። ጮኸው ሲያነቡት ግን የሁለቱ ድምፅ አንድ ስለ ሆነ፥ መጽሐፉን ያልያዘ ሰሚ የተነገረው ስለ የትኛው እንደ ሆነ ሊያውቅ አይችልም።