በእጃችን የያዝነው ገበያ



በዚህ ዓመት መጽሔታችን ላይ ስለ ፈተና ውጤት ሳይሆን ስለ ስልክ ልጽፍ ፈልጌያለሁ። ከራሴ ጥፋት ልጀምር። ባለፈው መስከረም አንዲት እናት ስለ ልጃቸው ሊያማክሩኝ ቢሮዬ መጡ። እሳቸው ሲናገሩ እኔ ስልኬን አያለሁ። አስቸኳይ መልእክት አልነበረም፤ አንድ ሰው የላከው የቀልድ ቪዲዮ ነው፤ ከእሱ ቀጥሎ ሌላ፣ ከዚያም ሌላ። እናትየዋ ጥቂት ዝም አሉና «ግድ የለም፣ ሌላ ቀን እመጣለሁ» ብለው ወጡ። ሌላ ቀን አልመጡም። ልጁም በጥቅምት ትምህርቱን ትቶ ሰሊጥ አጨዳ ወረደ። አዳምጫቸው ቢሆን ልጁ ይቀር ነበር ብዬ መማል አልችልም፤ አለማዳመጤን ግን አውቃለሁ።

እኛ ገዳሪፍ የምንኖር ኢትዮጵያውያን ከአገር ይዘን ከወጣናቸው ነገሮች አንዱ ቡናችን ነው። አቦል፣ ቶና፣ በረካ ተብሎ እስኪያልቅ አንድ ሰዓት ገደማ ይወስዳል። በዚያ ሰዓት የታመመ ይጠየቃል፣ የተጣላ ይታረቃል፣ ሥራ ያጣ ሥራ ይጠቆማል። ዛሬ ጀበናው ዙሪያ አምስት ሰው ተቀምጦ አምስቱም አንገቱን ደፍቷል። ቡናው ይቀዘቅዛል። በራክሻ ላይ፣ በቤተ ክርስቲያን ቅጽር፣ በመስጊድ ደጃፍ፣ በልቅሶ ቤት ሳይቀር ያው ነው።

ይህን የምለው ስልክን ለመርገም አይደለም። እኛ ከአገራችን ርቀን የምንኖር ሰዎች ነን። የእናቱን ድምፅ ከጎንደር፣ የእህቱን ከቤይሩት የሚሰማው በዚሁ ስልክ ነው። በጥር 2016 ዓ.ም. ማገባደጃ ላይ በመላው ሱዳን ኔትወርክ በተቋረጠ ጊዜ ምን ያህል እንደተጨነቅን አንረሳም። በባንካክ ገንዘብ የሚልክም የሚቀበልም ተቸገረ፤ ጦርነት ባለበት ከተማ ዘመድ ያለው ሰው «በሕይወት አለ?» እያለ አደረ። ስለዚህ ጥያቄው ስልክ ይኑረን አይኑረን አይደለም። አንዱ ስልክ ውስጥ ሁለት ነገር አለ፤ አንዱ ከወገን የሚያገናኘን ገመድ ነው፣ ሌላው ደግሞ ገበያ ነው። ልጆቻችን እነዚህን ሁለቱን እንዲለዩ ማስተማር አለብን።

ገበያ ስል ምን ማለቴ ነው? የገዳሪፍን የእህል ገበያ ሁላችንም እናውቀዋለን። ሰሊጡና ማሽላው በጆንያ ይቀርባል፣ ጨረታ ይወጣበታል፣ ይመዘናል። ሻጩ፣ ገዢውና ሸቀጡ በግልጽ ይታያሉ። ፌስቡክንና ቲክቶክን ግን «በነጻ ነው» እንላለን። በነጻ የሚሠራ ነጋዴ የለም። የእነዚህ ድርጅቶች ዋና ገቢ ማስታወቂያ ነው። ብዙ ሰዓት በቆየን ቁጥር ብዙ ማስታወቂያ እናያለን፣ እነሱም ብዙ ይሸጣሉ። በዚህ ገበያ ሸቀጡ የእኛ ትኩረት ነው፤ ሚዛኑን ግን አናየውም።

እንዴት አድርገው ያቆዩናል? አንደኛው መንገድ ማለቂያ ማሳጣት ነው። ጋዜጣ የመጨረሻ ገጽ አለው። በ2006 እ.ኤ.አ. አዛ ራስኪን የተባለ አሜሪካዊ ባለሙያ ወደ ታች ሲስቡት የማያልቅ ገጽ ነደፈ፤ በኋላም በሥራው መጸጸቱን በይፋ ተናግሯል። ሁለተኛው መንገድ አለመታወቅ ነው። መምህርነት የተማርን ሰዎች የስኪነርን ርግቦች እናስታውሳለን። ርግቧ ስትጠቁም ሁልጊዜ እህል ከሚሰጣት ይልቅ አንዳንዴ ብቻ፣ መቼ እንደሆነ ሳይታወቅ ሲሰጣት አጥብቃ ትጠቁማለች፤ እህሉ ከቆመ በኋላም ቶሎ አትተውም። እኛም ስልካችንን ደጋግመን የምንከፍተው አንዳንዴ ደስ የሚል ነገር ስለምናገኝበት ነው።

ስልኩ ባይከፈትም ትኩረት ይወስዳል። በ2017 እ.ኤ.አ. በቴክሳስ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ወደ 800 በሚጠጉ ሰዎች ላይ ባደረጉት ጥናት፣ ድምፁ የጠፋ ስልካቸውን ጠረጴዛቸው ላይ ያስቀመጡት ሌላ ክፍል ትተው ከመጡት ያነሰ ውጤት አግኝተዋል። ልጅ «እኮ አልነካሁትም» ሲል እውነቱን ሊሆን ይችላል፤ ልቡ ግን እዚያው ነው።

ገበያው ምኞታችንንም ይቀርጻል። አንድ ወጣት በጠራራ ፀሐይ አጭዶ ያገኘውን ገንዘብ ለአዲስ ስልክ ያውለዋል፤ አሮጌው ግን ይሠራ ነበር። ተማሪ ባለቁልፍ ስልክ የያዘ አባቱን በጓደኞቹ ፊት ያፍርበታል። ያ አባት የትምህርት ቤት ክፍያውን የሚከፍለው በምን እንደሆነ ቲክቶክ አያሳየውም።

ይህ የእኛ ችግር ብቻ አይደለም። ፈረንሳይ በ2018 እ.ኤ.አ. በትምህርት ቤቶች ስልክን በሕግ ከለከለች። ዩኔስኮ በ2023 እ.ኤ.አ. ባወጣው ሪፖርት ከአራት አገሮች አንዱ እንኳ የማይሞላው ስልክን ከትምህርት ቤት እንዳገደ ገልጾ፣ ቴክኖሎጂ መግባት ያለበት ትምህርትን ሲጠቅም ብቻ መሆኑን መክሯል።

እኛም ከጥር ጀምሮ ጠዋት ስልክ በሳጥን ሰብስበን ማታ እንመልሳለን። በመጀመሪያ የገባው የእኔ ነው፤ የመምህራኑም ተከተለ። አስቸኳይ ጉዳይ ያለው ወላጅ በጸሐፊዋ ስልክ ይደውላል፤ ልጁን ወዲያው እንጠራለታለን። የመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት ጭቅጭቅ ነበሩ። አሁን በዕረፍት ሰዓት ግቢው ይንጫጫል፤ ኳስ የሚያባርሩ አሉ፣ የሚጣሉም አሉ። ጫጫታውን ናፍቄው ነበር።

ለቤት ደግሞ አንድ ቀላል ደንብ አቀርባለሁ፤ ሲጮህ አንሱት፣ ሳይጮህ አትክፈቱት። የሚጮኸው አብዛኛውን ጊዜ ወገን ነው፤ ሳይጮህ የሚጠራን ግን ገበያው ነው። ቢያንስ ቡና ሲፈላና ማዕድ ሲቀርብ እንሞክረው። ከልጆች በፊት እኛ እንጀምር፤ ልጅ የሚሰማው የምንለውን ሳይሆን የምናደርገውን ነው።

የዚህ አገር ገበሬ እንደሚያውቀው ሰሊጥ በጊዜው ካልታጨደ ፍሬው ተከፍቶ መሬት ላይ ይረግፋል። የልጅ ወሬም እንዲሁ ነው። ዛሬ ሊነግረን የመጣውን ዛሬ ካልሰማነው ነገ አይደግመውም።

እኒያን እናት ደጋግሜ አስፈልጌ እስካሁን አላገኘኋቸውም። ይህ ጽሑፍ በሰው በኩል ከደረሳቸው ቢሮዬ ክፍት ነው፤ የልጃቸውም ወንበር አለ። ስልኬ ሳጥን ውስጥ ነው።