የዲኤክስ አዲስ ጫማ፦ ከጌጡ በፊት ሒሳቡ

ያረጀች ዲኤክስ ትልቅ ቸርኬና ሰፊ ጎማ ተጫምታ በመርሳ መሐል ስታልፍ የማይዞር ዐይን የለም። ከደሴ ወደ ወልድያ የሚወስደው አውራ ጎዳና ከተማዋን አቋርጦ ስለሚያልፍ ተመልካች አይጠፋም። ለመሆኑ ይህ ጌጥ ባለቤቱን ምን ያስከፍለዋል? የጎማውና የቸርኬው ዋጋ ከሻጩ ይገኛል። ሻጩ የማይናገረው ሌላ ዋጋ ግን አለ።

እንደሚታወቀው ዲኤክስ የምንላት መኪና እ.ኤ.አ. በ1979 ለገበያ የቀረበችው አራተኛዋ የቶዮታ ኮሮላ ትውልድ ናት። ዕድሜዋ አርባ ዓመት ተሻግሯል። ሆኖም ገበያው ሊያሰናብታት አልቻለም። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ከውጭ በሚገቡ ያገለገሉ ተሽከርካሪዎች ላይ ከባድ ታክስ ጣለ። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ በነዳጅ የሚሠሩ የቤት አውቶሞቢሎች ወደ አገር ውስጥ እንዳይገቡ ተከለከለ። በዚያው ዓመት ሐምሌ 22 ቀን የብር ምንዛሪ ለገበያ ተለቀቀ። መኪና መቀየር ያቃተው ሰው ያለችውን ማሳመር ይጀምራል። ገንዘቡም ወደ ጎማ ያመራል።

የአሜሪካና የዲኤክስ ልዩነት

ፋሽኑ አዲስ አይደለም። አሜሪካውያን በ1960ዎቹ (እ.ኤ.አ.) የተሠሩ ጉልበተኛ መኪኖቻቸውን 17 እና 18 ኢንች ቸርኬ ያለብሷቸዋል። ፎርድ ሙስታንግ ስትወጣ የለበሰችው ቸርኬ በአብዛኛው 14 ኢንች ነበር። ይሁን እንጂ እነርሱ ምክንያት አላቸው። ቸርኬው ሲሰፋ ትልቅ ፍሬን ያስገባል፤ ሰፊው ጎማ ደግሞ 4.7 ሊትር ሞተር የሚያወጣውን ጉልበት መሬት ያስይዛል። በ1.3 ሊትር ሞተርና በቀድሞው ፍሬኗ የምትሄድ ዲኤክስ ግን የጨመረችው ክብደት ብቻ ሊሆን ይችላል።

ሒሳቡ እነሆ

ብዙዎቹ ዲኤክሶች ከፋብሪካ የወጡት በ13 ኢንች ቸርኬና 155 ሚሊ ሜትር በሚሰፋ ጎማ ነው። በአሁኑ አጻጻፍ 155/80 አር 13 እንበለው። የመጀመሪያው ቁጥር ስፋቱ ነው። ሁለተኛው የጎኑ ከፍታ ከስፋቱ ስንት በመቶ እንደሆነ ይናገራል። የመጨረሻው የቸርኬው ኢንች ነው። በዚህ መሠረት የጎማው ሙሉ ቁመት 578 ሚሊ ሜትር ይሆናል።

አሁን ባለቤቱ በገበያ በብዛት የሚገኘውን 195/65 አር 15 ገጠመ እንበል። ቁመቱ 634 ሚሊ ሜትር ይደርሳል። ጭማሪው አሥር በመቶ ገደማ ነው። መኪናዋ በ28 ሚሊ ሜትር ከፍ ትላለች። ለኮረኮንች መንገድ ይህ ጥቅም ነው። ነገር ግን ቆጣሪው ይህን አያውቅም። 80 ሲያሳይ መኪናዋ የምትበረው በ88 ነው። ከመርሳ ወልድያ ያለውን 30 ኪሎ ሜትር ያህል መንገድ 27 ብሎ ይቆጥረዋል።

ለኮንትራት የሚሠራ ሰው እዚህ ላይ ልብ ይበል። በየ5,000 ኪሎ ሜትሩ ዘይት እቀይራለሁ የሚለው በእርግጥ የሚቀይረው በ5,500 ገደማ ነው። ነዳጁን በቆጣሪው የሚያካፍለውም መኪናዋ ከምትበላው በላይ የበላች ይመስለዋል። ያገለገለ መኪና የሚገዛ ሰው ደግሞ ቆጣሪውን ከማመኑ በፊት ጎማውን ይይ።

ከሁሉ የሚከፋው ዳገቱ ነው። ጎማው ሲረዝም ሞተሩ መሬት ላይ የሚያሳርፈው ኃይል በዘጠኝ በመቶ ያህል ይቀንሳል። ከመርሳ ወደ ወልድያም ሆነ በውጫሌ በኩል ወደ ደሴ የሚሄድ ሰው ዳገት አያጣም። አሽከርካሪው በሦስተኛ ማርሽ ይወጣው የነበረውን በሁለተኛ ይወጣል፤ ፍሪሲዮኑም ዋጋውን ይከፍላል። ቁልቁለቱ ላይ ደግሞ ያው አሮጌ ፍሬን የበለጠ የከበደና የረዘመ ጎማ ማቆም አለበት። እዚህ ላይ የሚከፈለው ብር ብቻ አይደለም። ውስጥ የተቀመጡ ሰዎች አሉ።

ቁመቱን ሳይለቁ

ቁመቱን ሳይነኩ ቸርኬውን ማሳደግ ይቻላል። 185/60 አር 14 እንዲሁም 195/50 አር 15 ሁለቱም ከፋብሪካው ጎማ ጋር በ3 ሚሊ ሜትር እንኳ አይለያዩም። ቆጣሪውም ማርሹም አይዛባም። ልዩነቱ ጎናቸው ላይ ነው። የፋብሪካው ጎማ ጎን 124 ሚሊ ሜትር ነው። የ14ቱ 111፣ የ15ቱ ደግሞ 98 ገደማ ነው። ጎኑ የቀጠነ ጎማ ጉድጓድ ሲያገኝ ምቱን ለቸርኬው ያሳልፋል። አስፋልት ላይ ብቻ ለሚውል መኪና ጉዳቱ ቀላል ነው። ከአስፋልቱ ወጥቶ ወደ ገጠር ለሚዘልቅ ግን 14ቱ ይበጃል።

ቸርኬ ሲገዛም ጥንቃቄ ያሻል። የዚህች ዲኤክስ አራት የቡሎን ቀዳዳዎች የተደረደሩበት ክብ 114.3 ሚሊ ሜትር ይሰፋል። ከእርሷ በኋላ እስከ 1990ዎቹ (እ.ኤ.አ.) የተሠሩት በፊት ጎማ የሚጎተቱ ኮሮላዎች ግን 100 ሚሊ ሜትር ናቸው። ቀዳዳ ማስፋት ቡሎን እንዲላላ መፍቀድ ነው። ቸርኬው ወደ ውጭ በወጣ ቁጥርም ኩሽኔታው ላይ የሚያርፈው ጫና ይጨምራል።

የተጠቀመ ጎማ የሚገዛ ሰው ጎኑ ላይ ያሉትን አራት ቁጥሮች ያንብብ። 2319 ከሆነ እ.ኤ.አ. በ2019 በ23ኛው ሳምንት የተሠራ ነው። ከተገጠመ በኋላም ባዶ መኪና ማየት አይበቃም። አምስት ሰውና ዕቃ ተጭኖ፣ መሪው እስከ መጨረሻው ወደ ቀኝና ወደ ግራ ይዙር። ጎማው ፓራፋንጎ ከነካ ያ ጎማ ለዚያች መኪና አይደለም።

ማማር አይከለከልም። ነገር ግን ገንዘቡ ውስን ለሆነ ባለንብረት ቅደም ተከተሉ ግልጽ ነው፦ መጀመሪያ ፍሬኑ፣ ቀጥሎ ኩሽኔታውና መሪው፣ ከዚያ ቁመቱን የጠበቀ ጎማ፣ በመጨረሻ ጌጡ። ይህን የገለበጠ ሰው የሚጠብቀው አበው «ሳይቸግር ጤፍ ብድር» ያሉት ነው።