ቀላል የቻይንኛ ዓረፍተ ነገር ቃል በቃል

ማንዳሪን ቻይንኛ ግሱን በባለቤት፣ በጾታም ሆነ በጊዜ የማያረባ ቋንቋ ነው። ስለዚህ የዓረፍተ ነገሩ ትርጉም በአብዛኛው በቃላት ቅደም ተከተልና በድምፅ ቃና ይለያል። ለምሳሌ በጣና ሐይቅ ዳርቻ በምትገኘው ደልጊ ዓሣ የሚገዛ ቻይንኛ ተናጋሪ እንዲህ ሊል ይችላል፦

«ዎ ጻይ ታና ሁ ማይ ዩ።»

* ዎ - እኔ
* ጻይ - በ (ቦታ አመልካች)
* ታና - ጣና
* ሁ - ሐይቅ
* ማይ - መግዛት
* ዩ - ዓሣ

ትርጉሙ «እኔ በጣና ሐይቅ ዓሣ እገዛለሁ» ነው።

== ቅደም ተከተል ==
እስከ «ሐይቅ» ድረስ ቅደም ተከተሉ ከአማርኛው ጋር አንድ ነው። ልዩነቱ መጨረሻው ላይ ነው፤ አማርኛ ግሱን ከተሳቢው በኋላ ሲያመጣ፣ ቻይንኛ ግሱን ያስቀድማል። «እገዛለሁ» ብቻውን ገዢው ማን እንደሆነ ይናገራል። «ማይ» ግን ለእኔም፣ ለአንቺም፣ ለእነርሱም ያው ነው፤ «ዎ» ከቀረ ገዢው የሚታወቀው ከንግግሩ ዐውድ ነው። ድርጊቱ መፈጸሙን ለማመልከት ከግሱ ቀጥሎ «ለ» ይገባል፦ «ማይ ለ ዩ»።

== ቃና ==
ማንዳሪን 4 ዋና ዋና ቃናዎች አሉት። «ማይ» በ3ኛው፣ ማለትም ዝቅ በሚለው ቃና «መግዛት» ሲሆን፣ ከላይ ወደ ታች በሚወርደው በ4ኛው ቃና ግን «መሸጥ» ነው። ቃናውን የሳተ ገዢ ሻጭ ሆኖ ይሰማል። «ዩ»ም በ2ኛው ቃና ዓሣ፣ በ3ኛው ዝናብ ነው።

በአማርኛም «አለ» ላልቶ ሲነበብ «ተናገረ»፣ ጠብቆ ሲነበብ «ይገኛል» ማለት ነው፤ ፊደሉ ግን ልዩነቱን አያሳይም። የቻይንኛ ቃናም በፊደል ብቻ ስለማይታይ፣ ተማሪው እያንዳንዱን ቃል ከነቃናው መያዝ አለበት።