ልጆቻችን የት ይተኛሉ?

በአንድ የደጋ ቀበሌ ማታ ማታ ፊደል እናስተምር ነበር። አንድ ቀን አንዲት እናት ዘግይተው መጡ። ትንሹን ልጃቸውን አዝለዋል። የልጁ እጅ በጨርቅ ተጠቅልሏል።

«ምነው እናታችን?» አልናቸው።

«ልጆቼ፣ ሌሊት በእንቅልፍ ልቡ ተንከባሎ እጁን ምድጃ ውስጥ ከተተው። እሳቱን ዳፍኜው ነበር። የጠፋ መስሎኝ!» አሉ።

ጨርቁን ስንፈታ ቁስሉ ቅቤ ተቀብቷል። የተቃጠለ ገላ ቅቤ አይቀባም። ወዲያውኑ ንጹሕ ቀዝቃዛ ውሃ ለ20 ደቂቃ ይፈስበታል። ከዚያ ወደ ጤና ጣቢያ ይወሰዳል። እኛም ልጁን ይዘን ወደ ጤና ጣቢያ ሄድን።

በማግሥቱ ቤታቸውን አየን። ቤቱ አንድ ክፍል ነው። በአንድ በኩል ላምና ጥጃ ታስረዋል። መሐል ላይ ምድጃ አለ። 4 ልጆች በምድጃው አጠገብ በአንድ ቁርበት ላይ ይተኛሉ። 2ቱ ሴቶች፣ 2ቱ ወንዶች ናቸው። ትልቋ ልጅ 13 ዓመቷ ነው። «ልብሴን የምቀይርበት ቦታ እንኳ የለኝም» አለችን።

አባትየው ግን ተቆጡ። «ልጆቹ እሳት የሚጠጉት ስለሚበርዳቸው ነው። ከብቱን ያስገባነው ጅብና ሌባ ፈርተን ነው። ሌላ ቤት መሥሪያ ገንዘብ ከየት ይምጣ?» አሉ።

እውነታቸውን ነው። ቤት ሠርቶ ለማያውቅ ሰው ምክር ይቀለዋል። ስለዚህ «ባለው ቤት ምን እናድርግ?» ብለን አብረን መከርን።

መጀመሪያ ቦታ መረጥን። ከምድጃውም ከከብቱም የራቀ ጥግ አገኘን። ምድጃውን በድንጋይና በጭቃ ዙሪያውን ከለልነው። ጋጣውን ከቤቱ አላወጣነውም። በግድግዳ ለይተን በውጭ በኩል የራሱን በር ሠራንለት። ጅብ ቢመጣ አባትየው ተኝተው ይሰማሉ።

ቀጥሎ ለካን። ለአንድ ልጅ 1 ክንድ ከ1 ስንዝር ወርድ ሰጠን። ለ2 ልጆች ስንት ይሆናል? 2 ክንድ ከ2 ስንዝር ነው። 2 ስንዝር 1 ክንድ ስለሆነ፣ ድምሩ 3 ክንድ ነው። ርዝመቱን 3 ክንድ ተኩል አደረግነው። 1 ክንድ ግማሽ ሜትር ያህል ነው።

ከዚያ 2 መደቦች ሠራን። አንዱ ለሴቶቹ፣ ሌላው ለወንዶቹ ነው። ከፍታቸው ከመሬት 1 ክንድ ነው። ጭቃው እንዳይሰነጠቅ ከጭድ ጋር ተቦካ። እስኪደርቅ ድረስ ማንም አልተኛበትም።

በመደቦቹ መሐል የማገርና የጭቃ ግድግዳ ቆመ። ቁመቱ የሰው ቁመት ያህል ነው። አየር እንዲያልፍ ከላይ ክፍት ተተወ። ነፋስ በማይበረታበት በኩል ትንሽ መስኮት ወጣ። በግድግዳው ላይ ለልብስ ማንጠልጠያ እንጨት፣ ለደብተር ማስቀመጫ ተበጀ። ትልቋ ልጅ በመግቢያው ላይ ነጠላ ጋረደች።

ድንጋዩ ከማሳው ተለቀመ። ጎረቤት በደቦ ረዳ። በገንዘብ የተገዛው ምስማርና የመስኮቱ ማጠፊያ ብቻ ነው።

«ብርዱስ?» አሉ እናትየው። ብርድ የሚከላከለው ከሥር የሚነጠፈው ነው። በመደቡ ላይ ደረቅ ጭድ፣ በጭዱ ላይ ቁርበት ይነጠፋል። ከሰል አንድዶ ቤት ዘግቶ መተኛት ግን ይገድላል። ጢሱ ባይታይም መርዝ አለው።

መኝታ ንጽሕናም ይፈልጋል። ጭዱ ይቀየራል። ጋቢው ፀሐይ ይሰጣል። የልብስ ቅማል የሚያገረሽ ትኩሳት ያስተላልፋል። ቅማል ያለበት ልብስ በፈላ ውሃ ይታጠባል። እከክ አንዱን ልጅ ከያዘ አብረውት የሚኖሩት ሁሉ በአንድ ጊዜ ይታከማሉ። አለበለዚያ እየተመላለሰ ይይዛቸዋል።

ቆላ የምትኖሩ አንባቢዎቻችን ደግሞ አጎበር አትርሱ። የወባ ትንኝ በብዛት የምትናከሰው ከምሽት እስከ ንጋት ነው። የአጎበሩ ጫፍ ከምንጣፉ ሥር ይወተፋል። ሲታጠብ በጥላ ይሰጣል።

የትንሹ ልጅ ቁስል ድኗል። 2 ጣቶቹ ግን አይዘረጉም። አሁን በግድግዳው በኩል ይተኛል። አባትየው መደቡን ባዩ ቁጥር «ይህን ጭቃ አምና አቡክቼው ቢሆን!» ይላሉ።

እንግዲህ ዛሬ ማታ ልጆቻችሁ የተኙበትን ቦታ ተመልከቱ። ከምድጃው ስንት ክንድ ይርቃሉ? ለኩና በደብተራችሁ ጻፉት። ቁጥሩ ትንሽ ከሆነ ነገ ጭቃ አቡኩ።