ለጽሕፈት ቤት የሚገዛ ላፕቶፕ፦ የቤትና የሥራ ሞዴሎች በምን ይለያያሉ?

ሰበካ ጉባኤያት ለጽሕፈት ቤታቸው ላፕቶፕ ለመግዛት ፕሮፎርማ ሲያሰባስቡ፣ ንጽጽሩ አብዛኛውን ጊዜ በሦስት ነገሮች ላይ ብቻ ያርፋል፤ እነዚህም የፕሮሰሰሩ ስም፣ የራሙ መጠንና ዋጋው ናቸው። ይሁን እንጂ በእነዚህ መለኪያዎች እኩል ሆነው የቀረቡ ሁለት ላፕቶፖች ከሦስት ዓመት በኋላ አንዱ በጸሐፊው ጠረጴዛ ላይ፣ ሌላው በንብረት ክፍል መደርደሪያ ላይ ተገኝተው አይተናል። የሚገዛው ምእመናን ከሰጡት ገንዘብ ነው፤ በውስጡ የሚቀመጡትም የክርስትና፣ የጋብቻና የሒሳብ መዛግብት ናቸው። ስለዚህ ልዩነቱ ከምን እንደሚመጣ ኮሚቴዎች አስቀድመው ቢያውቁት ይጠቅማል።

ታላላቆቹ አምራቾች ላፕቶፖቻቸውን በሁለት ወገን ይከፍላሉ። በሌኖቮ ዘንድ አይዲያፓድ ለቤት፣ ቲንክፓድ ለሥራ ነው፤ በኤችፒ ፓቪሊዮን ለቤት፣ ፕሮቡክና ኤሊትቡክ ለሥራ ሲባሉ ቆይተዋል፤ በዴል ደግሞ ለረጅም ዘመን ኢንስፓይሮን ለቤት፣ ላቲትዩድ ለሥራ ሲባል ቆይቷል። (ዴል እ.ኤ.አ. በ2025 እነዚህን ስያሜዎች መለወጥ ስለጀመረ፣ በአዲሶቹ ላይ «ዴል ፕሮ» የሚል ስም ቢገኝ የላቲትዩድ ተተኪ መሆኑን ማወቅ ያሻል።) የመከፋፈሉ ምክንያት የገዢው ማንነት ነው። የቤቱን ሞዴል የሚገዛው ግለሰብ ሱቅ ገብቶ በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ይወስናል፤ ስለዚህ ቅጥነቱ፣ ቀለሙና የስክሪኑ ማማር ዓይን እንዲስቡ ሆነው ይሠራሉ። የሥራውን ሞዴል በብዙ መቶ ቁጥር የሚገዛው ድርጅት ግን የራሱ ቴክኒሺያን አለው፤ አንድ ኪቦርድ ለመለወጥ ስንት ሰዓት እንደሚፈጅም ያሰላል። ሌሎቹ ልዩነቶች በአብዛኛው ከዚህ የተነሡ ናቸው።

በመጀመሪያ የሚታየው ልዩነት በማጠፊያው ላይ ነው፤ ማጠፊያ ስንል ክዳኑን ከአካሉ ጋር የሚያያይዘውን ብረት ማለታችን ነው። በብዙ ርካሽ የቤት ሞዴሎች የማጠፊያው ብሎን የሚይዘው በፕላስቲክ ውስጥ በተቀበረ ትንሽ የነሐስ ቀለበት ነው። ክዳኑ በየዕለቱ ሲከፈትና ሲዘጋ፣ ይልቁንም በአንድ ጥግ ተይዞ ሲነሣ፣ ፕላስቲኩ ይሰነጠቅና ቀለበቱ ተነቅሎ ይወጣል። ከጎበኘናቸው አጥቢያዎች በአንዱ፣ ፕሮሰሰሩም ሃርድ ዲስኩም ጤነኛ የሆነ ላፕቶፕ በዚሁ ምክንያት ክዳኑ ግድግዳ ተደግፎ ብቻ ይሠራ ነበር። የጥገና ሱቁ መላውን የታችኛውን አካል ካልለወጥን አይሆንም ብሎ ነበር፤ ዋጋው ግን ከኮሚቴው አቅም በላይ ሆነ። በሥራ ሞዴሎች ዘንድ ማጠፊያው ብዙውን ጊዜ የሚታሰረው በብረት ወይም በማግኒዥየም ቅይጥ በተሠራ አካል ላይ ነው።

ሁለተኛው ኪቦርዱ ነው። አማርኛ በምንጽፍበት ጊዜ አብዛኛው ፊደል ሁለት ቁልፍ መምታት ስለሚጠይቅ፣ የአጥቢያ ጸሐፊ ኪቦርድ ከፍተኛ ጫና አለበት። በብዙ የቤት ሞዴሎች ኪቦርዱ ከላይኛው አካል ጋር በቀለጡ የፕላስቲክ ነጥቦች የተጣበቀ በመሆኑ፣ አንድ ቁልፍ ቢሰበር የላይኛውን አካል በሙሉ መለወጥ ሊያስፈልግ ይችላል። እ.ኤ.አ. በ2018 በወጣው ቲንክፓድ ቲ480 ላይ ግን ከታች ሁለት ብሎን ፈትቶ ኪቦርዱን ብቻ ማውጣት ይቻላል፤ አንድ ካቻቢቴና ጥቂት ደቂቃ ይበቃል። አንዳንድ የሥራ ሞዴሎች የፈሰሰ ውሃ በታች በኩል የሚወጣበት ቀዳዳም አላቸው። ይህ ጊዜ ይሰጣል እንጂ ጉዳትን ፈጽሞ አያስቀርም፤ የሻይ ብርጭቆ ከላፕቶፕ ራቅ ብሎ መቀመጡ አሁንም ይሻላል።

ይህን ስንል የሥራ ሞዴል ሁሉ መልካም ነው ማለታችን አይደለም። ቲንክፓድን እ.ኤ.አ. በ1992 ለገበያ ያቀረበው አይቢኤም ነበር፤ ጥቁሩን ሣጥን መሳይ ቅርጹን ጀርመናዊው የንድፍ ባለሙያ ሪቻርድ ሳፐር እንዲቀረጽ አድርጓል። እ.ኤ.አ. በ2005 የኮምፒዩተሩ ንግድ ለሌኖቮ ከተላለፈ በኋላም ቅርጹ ብዙ አልተለወጠም። ይሁን እንጂ እ.ኤ.አ. በ2013 የወጣው ቲ440 በቀዩ ነጥብ ሥር የነበሩትን የማውስ ቁልፎች አስቀርቶ ከመዳሰሻው ሰሌዳ ጋር አዋሐዳቸው። ተጠቃሚዎች አጥብቀው ስለተቃወሙ በ2015 በቲ450 ላይ ቁልፎቹ ተመለሱ። በሌላ በኩል የቅጥነት ፋሽን አሸነፈ። ቲ480 ሁለት የራም ማስገቢያና መብራት በሌለበትም ላፕቶፑን ሳያጠፉ የሚለወጥ የውጭ ባትሪ ነበረው። በቀጣዩ ዓመት የመጣው ቲ490 ባትሪውን ወደ ውስጥ አስገባ፤ ከራሙም አንዱ ክፍል በማዘርቦርዱ ላይ ተበይዶ አንድ ማስገቢያ ብቻ ቀረ። በኤክስ1 ካርቦን ላይ ደግሞ ራሙ በሙሉ የተበየደ ነው፤ ከተገዛ በኋላ መጨመር አይቻልም፣ ቢበላሽም ማዘርቦርዱን መንካት ግድ ይሆናል። በአንጻሩ ሁለት የራም ማስገቢያ ያላቸው ርካሽ የቤት ሞዴሎች አሉ። ስለሆነም በኮሚቴ ስብሰባ «የሥራ ሞዴል ይሁን» የሚል ውሳኔ ብቻውን በቂ አይደለም፤ የትኛው ሞዴል፣ የትኛው ዓመት የሚለው በቃለ ጉባኤው ላይ መስፈር አለበት።

«ወታደራዊ ደረጃ» የሚለውን ማስታወቂያም በልኩ ማየት ይገባል። የአሜሪካ ጦር ሚል-ስታንዳርድ 810 የተባለው ሰነድ የመፈተኛ ዘዴ ነው፤ የትኞቹን ፈተናዎች እንደሚያደርግ የሚመርጠው አምራቹ ራሱ ነው፤ መሥሪያ ቤቱም ለላፕቶፕ የምስክር ወረቀት አይሰጥም።

የቤት ሞዴል የሚመረጥበት ጊዜም አለ። ሒሳብ ሹሙ ቀኑን ሙሉ ቁጥር የሚያስገባ ከሆነ፣ በ15.6 ኢንች የቤት ሞዴሎች ላይ በብዛት የሚገኘው የቁጥር ገበታ ትልቅ እፎይታ ነው፤ 14 ኢንች የሆኑት የሥራ ሞዴሎች በአብዛኛው የላቸውም። (በዩኤስቢ የሚሰካ የቁጥር ገበታ ለብቻው መግዛት ግን ይቻላል።) ለሰንበት ትምህርት ቤት ምስልና ድምፅ ማሳያ ከሆነም የቤቱ ሞዴል ስክሪን ሊሻል ይችላል። የቆዩ የሥራ ሞዴሎች አንዳንዶቹ፣ ቲ480 ራሱም በርካሹ ዓይነቱ፣ ስክሪናቸው 1366 በ768 ብቻ ስለሆነ የሒሳብ ሠንጠረዥ ሲከፈት ዓምዶቹ አይበቃቸውም። 1920 በ1080 የሚለውን መጠየቅ ያስፈልጋል።

እንግዲህ የብዙ አጥቢያዎች ክርክር የሚያርፈው በተመሳሳይ ዋጋ አዲስ የቤት ላፕቶፕ ወይስ ያገለገለ የሥራ ላፕቶፕ በሚለው ላይ ነው። የውጭ ድርጅቶች መሣሪያዎቻቸውን በጥቂት ዓመታት ውስጥ ስለሚለውጡ፣ ያገለገሉት የሥራ ሞዴሎች ወደ እኛም ገበያ ይደርሳሉ። የእኛ ሚዛን ወደ ሁለተኛው ያጋድላል፤ ምክንያቱም የሚበላሹት ክፍሎች በአብዛኛው ሊለወጡ የሚችሉ ናቸው። አዲሱ ግን ዋስትና አለው፤ በአካባቢው ላፕቶፕ የሚፈታ ባለሙያ የሌለው የገጠር አጥቢያ አዲሱን ቢመርጥ አንነቅፈውም።

ያገለገለውን የሚመርጥ ኮሚቴ ከሁሉ በፊት የፕሮሰሰሩን ትውልድ ይመልከት። ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 የሚሰጠውን መደበኛ ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አቁሟል፤ ዊንዶውስ 11 ደግሞ ከኢንቴል ፕሮሰሰሮች የሚቀበለው ከጥቂቶች በቀር ከ8ኛው ትውልድ ጀምሮ ያሉትን ነው። ትውልዱ ከሰረዙ ቀጥሎ ባለው ቁጥር ይታወቃል፦ አይ5-7300ዩ 7ኛ ትውልድ፣ አይ5-8350ዩ 8ኛ ትውልድ፣ አይ5-1135ጂ7 ደግሞ 11ኛ ትውልድ ነው። ቲ470 እና ቲ480 ከውጭ ሲታዩ እጅግ ይመሳሰላሉ፤ የመጀመሪያው ግን ከዚህ ድንበር ወዲያ ማዶ የቀረ ነው። «ኮር አይ5 ነው» የሚል ፕሮፎርማ ሙሉ ቁጥሩ እንዲጻፍበት ተመላሽ መደረግ አለበት።

ባትሪውንም ማስመርመር ይቻላል። ዊንዶውስ የባትሪውን የመነሻ አቅምና አሁን የሚይዘውን መጠን የሚያሳይ ሪፖርት ያወጣል፤ 50 ሺህ ሚሊዋት-ሰዓት የነበረው 25 ሺህ ከሆነ ግማሹ አልቋል፤ ዋጋውም በዚያው ልክ ሊወርድ ይገባል።

የሥራ ሞዴሎች በአብዛኛው የሚመጡት ከዊንዶውስ ፕሮ ጋር ነው፤ ይህም ቢትሎከር በተባለው መቆለፊያ ሃርድ ዲስኩን ለመመስጠር ያስችላል። ላፕቶፑ ቢሰረቅ የምእመናን ስምና አድራሻ ያለበት መዝገብ በሌባ እጅ አይነበብም። ነገር ግን 48 አኃዝ ያለው የመክፈቻ ቁጥር ከጠፋ ሰበካ ጉባኤው ራሱ መዝገቡን አያገኘውም። ቁጥሩ በወረቀት ታትሞ ከካዝናው ውስጥ ይቀመጥ፤ የመዝገቡ ቅጂም በሌላ ዲስክ ይያዝ።

በመጨረሻም ገንዘቡ ከመከፈሉ በፊት ላፕቶፑ ጠፍቶ ይብራ፤ ሲነሣም በቲንክፓድ ኤፍ1፣ በዴል ኤፍ2፣ በኤችፒ ኤፍ10 ይጫን። የመሣሪያው ውስጣዊ ማስተካከያ ገጽ በነጻ ከተከፈተ ደህና ነው። የይለፍ ቃል ከጠየቀና ሻጩ እዚያው መክፈት ካልቻለ፣ የቀድሞው ባለቤት ቁልፍ አልተነሣም ማለት ስለሆነ ሌላ እንዲያቀርብ ይጠየቅ።